ኮንዶም ሲቀደድ፦ ለጎንደር ተማሪዎች የ72 ሰዓት መመሪያ

መጀመሪያ ኮንዶሙ የተቀደደበትን ሰዓት ያዙ፤ ከታች ያሉት መድኃኒቶች በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባቸው። ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ 72 ሰዓቱ የሚያልቀው ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ነው። በሎሚ ወይም በሳሙና የብልትን ውስጥ መታጠብ እርግዝናንም ኤች አይ ቪንም አይከላከልም፤ እንዲያውም ያቆስላል፣ የቆሰለ ሰውነት ደግሞ ለኤች አይ ቪ ይብስ ይጋለጣል።

ቀጥሎ እርግዝና። ከመድኃኒት ቤት ፖስትፒል (ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እንክብል) ግዙ፤ ገዢው ወንዱም ሊሆን ይችላል። ማሸጊያው 1.5 ሚሊግራም ካለ አንድ ፍሬ፣ 0.75 ካለ ሁለቱን ባንዴ ትዋጥ። በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ትድገም። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ለባለሙያው ትንገር፤ አንዳንዶቹ የእንክብሉን ኃይል ይቀንሳሉ። እንክብሉ እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ ያዘገያል እንጂ ጽንስ አያስወርድም። እንቁላሉ ቀድሞ ከወጣ አይረዳም፤ በቶሎ መዋጥ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዋጡ በኋላ ነው፦ የዘገየው እንቁላል ከቀናት በኋላ ሊወጣ ስለሚችል፣ በዚያው ወር ያለ መከላከያ ከተደገመ እርግዝና ሊመጣ ይችላል። ሉፕ (በባለሙያ ማህፀን ውስጥ የሚገባ የመዳብ መከላከያ) ከግንኙነቱ በኋላ እስከ 5 ቀን ድረስ ሊገባ ይችላል፤ ከእንክብሉም ይበልጥ አስተማማኝ ነው። የወር አበባ ከሚጠበቅበት ቀን ከ7 ቀን በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ ይደረግ።

ኤች አይ ቪን በተመለከተ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ሌሊት ወይም እሁድ ከሆነ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። «ከተጋለጥኩ 72 ሰዓት አልሞላኝም፣ መከላከያ መድኃኒት እፈልጋለሁ» በሉ። ደም ተመርምሮ መድኃኒቱ ይሰጣል፤ በየቀኑ ለ28 ቀን ይዋጣል። የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ ማቅለሽለሽ ሲመጣ ወይም ለዕረፍት ወደ ቤተሰብ ሲኬድ ነው። ጿሚ ከሆናችሁ የማታ ሰዓት ምረጡ። ማግስቱን ተመርምሮ «ነፃ ነኝ» ማለት ስለዚያች ሌሊት ምንም አይናገርም፤ ከ3 ወር በኋላ ምርመራው ይደገም።

ግንኙነቱ በግዳጅ ከነበረ ሳትታጠቡ፣ ልብሱን በወረቀት ከረጢት ይዛችሁ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ።

ሽንት ሲያቃጥል ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ ሲኖር ከዶርም ጓደኛ የተረፈ አሞክሳሲሊን አትዋጡ። ጨብጥ በዚህ አይድንም፤ አጋርም አብሮ ካልታከመ ተመልሶ ይመጣል።

ኮንዶም ከሚቀደድባቸው ምክንያቶች አንዱ ቫዝሊን ነው፤ ቅባት ላስቲኩን ያሳሳዋል። በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ተጠቀሙ፣ ጫፉን ቆንጥጣችሁ አየሩን አስወጡ፣ ኪስ ቦርሳ ውስጥ የከረመውን ጣሉ።