የሰርግ ቪዲዮ በባዶ ዲቪዲ ላይ እንዴት ይቀዳል? ከዲስክ መረጣ እስከ አቀማመጥ

የእህቴ ሰርግ በ3 ካሴት ነበር የተቀረጸው። የካሴት ማጫወቻችን ሲበላሽ አንድ ቪዲዮ ቤት ወስደን ወደ ዲቪዲ አስገለበጥነው። ከ5 ዓመት በኋላ ከውጭ እንግዳ መጣችና እናቴ «ያንን ሰርግ ክፈቱላት» አለች። ተሰብስበን ቁጭ አልን። ሚዜዎቹ ሲገቡ አየን። ኬኩ ሲቆረስም አየን። ሽማግሌዎቹ ለምርቃት ሲነሱ ስዕሉ ቆመ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ የቀሩት ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ብቻ ናቸው። አያታችን ሲመርቁ የሚታዩት እዚያ ላይ ነበር። እሳቸው ካረፉ ደግሞ 2 ዓመት ሆኗቸው ነበር። እናቴ ምንም አላለችም፤ ተነስታ ጀበናውን ጣደች።

ዲስኩን አውጥቼ አገላበጥኩት። የአምራች ስም የለውም። ፊቱ ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ በአንድ በኩል ተነስቷል። ሲቀመጥ የኖረውም የከሰዓት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ስር ነው። ዲስኩን ያበላሸው ነገር ሁሉ ዓይኔ ፊት ነበር፤ ያኔ ግን አላወቅኩትም። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ።

ዲስኩ ውስጥ ምን አለ?

ባዶ ዲቪዲ ሁለት ስስ ፕላስቲኮች ተጣብቀው የተሠራ ነው። እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር ይወፍራሉ። በመካከላቸው አንድ የቀለም ንብርብርና ብርሃን የሚመልስ ስስ የብረት ንብርብር አለ። ገልብጣችሁ ስታዩት ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ያ ቀለም ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የዲቪዲ መጻፊያ ቀለሙን በሌዘር ነጥብ በነጥብ እያቃጠለ ይጽፋል። «በርን (burn) ማድረግ»፣ ማለትም ማቃጠል፣ የምንለውም ለዚህ ነው። ይኸው ቀለም ብርሃንና ሙቀት ሲበዛበት ይበላሻል።

አንድ ነገር ደግሞ አስታውሱልኝ። ዲቪዲ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ዳር ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸውም ዳሩ ነው። ቀለሙ በእኩል ለመዳረስ የሚያስቸግረው እዚያ ነው፤ ጣታችንም የሚያርፈው እዚያ ነው። የእኛ ምርቃት የነበረው ዳሩ ላይ ነው።

ሱቅ ስትገቡ

«ባዶ ሲዲ» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ሲዲ 700 ሜጋባይት ነው፤ በቪሲዲ መልክ ወደ 80 ደቂቃ ቪዲዮ ቢይዝም ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ዲቪዲ ነው። ማሸጊያው ላይ 4.7 ጊጋ ይላል፤ ኮምፒውተራችሁ ግን 4.38 ብቻ ያሳያል። ሻጩ አላታለላችሁም። አምራቹ የሚቆጥረው በ1000 ሲሆን ኮምፒውተሩ በ1024 ነው።

ከዚያ ማይነስ አር (DVD-R) እና ፕላስ አር (DVD+R) የሚባል ምርጫ ይመጣል። ማይነሱ በ1997 የወጣ ነው፤ ፕላሱ በ2002 ተከተለ። የዛሬ መጻፊያዎች ሁለቱንም ይጽፋሉ። ቪዲዮውን የምትሰጡት አሮጌ ዴክ ላለው ሰው ከሆነ ግን ማይነሱን ግዙ፤ አሮጌ ማጫወቻዎች የበለጠ የሚያውቁት እሱን ነው።

አርደብሊው (RW) የሚል ካያችሁ ደግሞ ያ የሚጠፋና እንደገና የሚጻፍ ነው። እስከ 1000 ጊዜ ድረስ ይጻፍበታል ይባላል። ለሰርግ ማስቀመጫ አትጠቀሙበት። ብርሃን የመመለስ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ብዙ አሮጌ ዴክ አያነበውም። እኔ ግን አንድ ሁልጊዜ ቤት አለኝ፤ ለሙከራ። መጀመሪያ እሱ ላይ ጽፌ ቲቪ ላይ አየዋለሁ። ስህተት ካለ አጠፋዋለሁ፤ ካማረ በኋላ ነው ደህናውን ዲስክ የማወጣው።

8.5 ጊጋ የሚይዘው ባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲ ዋጋው ይወደዳል፤ ሲጻፍም ይበልጥ ይከሽፋል። በሱ ፋንታ 2 ተራ ዲስክ ይሻላል። ብሉሬይ 25 ጊጋ ይይዛል፤ በአዲስ ካሜራ ለተቀረጸ ቪዲዮ ግሩም ነው፤ ግን የራሱ መጻፊያና የራሱ ማጫወቻ ያስፈልገዋል። ከካሴት ለመጣ ስዕል አያስፈልግም።

ስለ ጥራት ልንገራችሁ። እኔ የምገዛው ቨርባቲም ነው፤ አዞ (AZO) የሚባል ጠንካራ ቀለም ያለውን። ድሮ ባለሙያዎች የሚምሉበት የጃፓኑ ታይዮ ዩደን በ2015 ከዚህ ሥራ ወጥቷል፤ ዛሬ በዚያ ስም አዲስ ነው ተብሎ ቢቀርብላችሁ ተጠራጠሩ። በታወቀ ስም የታሸገ አስመስሎ የተሠራ ዲስክ አለና መጀመሪያ ጥቂት ገዝታችሁ ሞክሩ። በዘንግ ላይ የተደረደረውን 50 ፍሬ ከዚያ በኋላ ትወስዳላችሁ። ቤት ስትገቡ አንዱን አውጥታችሁ ወደ መብራት አቅኑት። ነጥብ፣ ጭጋግ ወይም ዳሩ ላይ ያልተጣበቀ ቦታ ካያችሁ መልሱት። ኢምግበርን (ImgBurn) የሚባለው ነጻ የዲስክ መጻፊያ ፕሮግራምም ዲስኩን ስታስገቡ ዲስኩ ላይ የተመዘገበውን የአምራች መለያ ያሳያችኋል።

ቪዲዮውን ማዘጋጀት

ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት የሚሠራ የካሴት ማጫወቻና በዩኤስቢ የሚሰካ የቪዲዮ መቅረጫ ይበቃችኋል። ካሴቱ እየተጫወተ ነው የሚቀረጸው፤ የ3 ሰዓት ሰርግ 3 ሰዓት ይፈጃል። ታገሱ።

ቀጥሎ ስንት ሰዓት በአንድ ዲስክ ላይ እንደምታስገቡ ወስኑ። አንድ ዲቪዲ በከፍተኛ ጥራት 1 ሰዓት፣ በደህና ጥራት 2 ሰዓት ይይዛል። 4 ሰዓት ማጨቅም ይቻላል። አታድርጉት። ሙሽሮቹ ዝም ብለው ሲቀመጡ ስዕሉ ደህና ይመስላል፤ እስክስታው ሲጀመር ግን ትከሻው ሁሉ ወደ አራት ማዕዘን ይለወጣል። ፈጣን እንቅስቃሴ ብዙ ቦታ ይፈልጋል፤ ያ ቦታ ደግሞ ለሌላው ሰዓት ተሰጥቷል። ሰርጉን በአንድ፣ መልሱን በሌላ፣ ቅልቅሉን በሌላ ዲስክ ለዩት። ዲስኩንም ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት። 4 ጊጋ አካባቢ ላይ ብታቆሙ ያ ደካማ ዳር ባዶውን ይቀራል።

ዲስኩ አሜሪካ ላለ ዘመድ የሚላክ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። የቴሌቪዥን ስዕል አሠራር ከአገር አገር ይለያያል። የእኛ አገር ቴሌቪዥን የቆየው ፓል (PAL) በሚባለው ነው፤ አብዛኛው አውሮፓና እስራኤልም እንዲሁ። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ (NTSC) ነው፤ ብዙ የአሜሪካ ዴክ ፓል አያጫውትም። እዚህ ያሉት ማጫወቻዎች ግን አብዛኞቹ ሁለቱንም ይችላሉ። ስለዚህ ለአሜሪካ የሚሄደውን ቅጂ በኤንቲኤስሲ አዘጋጁ።

ቪዲዮውን እንደ ፋይል ጎትቶ ዲስኩ ላይ መጣል አይበቃም። አሮጌ ዴክ ኤምፒ4 አያውቅም። ዲቪዲስታይለር (DVDStyler) የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ቪዲዮውን የዲቪዲ ማጫወቻ ወደሚያውቀው ኤምፔግ 2 ቀይሮ፣ ከፈለጋችሁ ማውጫ ጨምሮ፣ ዴኩ የሚገባውን ቪዲዮ ቲኤስ (VIDEO_TS) የሚባል ፎልደር ይሠራላችኋል።

መጻፍ

አሁን ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጉ። ይሄን ችላ አትበሉ። በዴስክቶፕ እየጻፋችሁ መብራት ቢሄድ ዲስኩ አለቀለት፤ አንዴ የተጻፈበት ማይነስ አር አይመለስም። ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ግን ሥራውን ይጨርሳል። መጻፊያው በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ ገመዱ እንዳይነካ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሌላ ፕሮግራም አትክፈቱ።

ኢምግበርን ላይ ፎልደሩን አስገቡና ፍጥነቱን ምረጡ። የመጻፊያ ፍጥነት በኤክስ (x) ይለካል፤ ዲስኩ 16 ኤክስ ቢልም እኔ 8 ኤክስ ላይ አደርገዋለሁ። ሙሉ ዲስክ 9 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ በ16 ኤክስ ከምታተርፉት 3 ደቂቃ ይልቅ የጥራቱ ነገር ይበልጣል። ብዙ ሰው 1 ኤክስ ከሁሉ ይሻላል ይላል። የዛሬ ዲስኮች ለፈጣን ጽሕፈት የተሠሩ ስለሆኑ ያ እንኳ ትክክል አይደለም።

ጽፎ ሲጨርስ ያረጋግጥ (Verify) የሚለውን ምልክት አስቀድማችሁ አብሩት። ፕሮግራሙ የጻፈውን መልሶ አንብቦ ከዋናው ጋር ያስተያያል። ከዚያ ዲስኩን ቲቪው ጋ ወስዳችሁ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች እዩ። ከመጀመሪያው ማየት አይጠቅምም፤ ችግር ካለ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዳሩ ላይ ነው። የምትቀዱት በኮምፒውተር ሳይሆን በዲቪዲ መቅረጫ ዴክ ከሆነ ደግሞ መጨረሻ ላይ ፋይናላይዝ (Finalize)፣ ማለትም ዲስኩን ዘግቶ ማጠናቀቅ፣ የሚለውን ካልተጫናችሁ ሌላ ማጫወቻ ላይ ላይከፈት ይችላል።

ማስቀመጥ

ወረቀት አትለጥፉበት። ዲቪዲ በከፍተኛ ፍጥነት ነው የሚሽከረከረው፤ ሲሶው የተነሳ ወረቀት ሚዛኑን ያዛባል፣ ሙጫውም እርጥበት ይዞ ዲስኩን ያጣምማል። ስሙን መሃሉ ላይ ባለው ግልጽ ቀለበት፣ ውሃ መሠረት ባለው ማርከር ጻፉ። በተራ እስክሪብቶ ጫፍ አትጫኑት። ሲቆሽሽ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥታ ጥረጉት፤ በክብ አይደለም።

በጠንካራ ሽፋኑ ውስጥ አቁማችሁ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አድርጉት። የቲቪ ወይም የዴክ አናት ይሞቃል። ድሬዳዋን በመሰለ ሞቃት ከተማ ከሆናችሁ ከግድግዳው ራቅ ያለ የቁም ሳጥን ታችኛ ክፍል ይሻላል። አንድ ቅጂ አይበቃም። 2 አድርጉ፤ ከተቻለ በ2 የተለያየ አምራች ዲስክ። አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ፋይሉም ሃርድ ዲስክ ላይ ይኑር። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አውጥታችሁ መጨረሻውን ተመልከቱ፤ መንተባተብ ከጀመረ ቶሎ ወደ አዲስ ገልብጡት።

ካሴቱን ደግሞ እንዳትጥሉ። የእኛዎቹን አክስቴ ወስዳቸው ኖሮ አልጋ ስር በካርቶን ተገኙ። ሦስተኛውን ስናስገባው ድምፁ ትንሽ ይንሻፈፋል፣ ስዕሉ ግን አለ። አያታችን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ዘርግተው «አሜን በሉ» ሲሉ ይታያሉ። ሰርጉን በ2 ዲስክ ከፈልኩትና ምርቃቱን ከሁለተኛው ዲስክ መጀመሪያ፣ ከመሃሉ አጠገብ አደረግኩት።