ያም ወይም አፕት እምቢ ሲል፦ ኔትወርኩን ከመነካካታችሁ በፊት ሪሊሱን እዩ

ፒንግ ይሰራል፣ ጌትዌዩ ልክ ነው፣ ዲስኩ አልሞላም፣ በሩት ነው የገባችሁት፤ እነዚህን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። እዚህ የማወራው የሊኑክስ ሰርቨሩ ራሱ ደህና እየሰራ፣ ዌብሳይቱ እየተከፈተ፣ ዳታቤዙ እየመለሰ፣ ግን በያም (የሴንትኦኤስ ሶፍትዌር መጫኛ) ወይም በአፕት (የኡቡንቱና የዴቢያን) ፓኬጅ ላውርድ ወይም አፕዴት ላድርግ ስትሉ ብቻ ግግም ስለሚለው ችግር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ የጫናችሁት ሪሊስ (የሲስተሙ እትም) ጊዜው አልፎበታል፣ ፓኬጆቹም ከነበሩበት አድራሻ ተነስተዋል።

ስለዚህ ከምንም በፊት ካት /ኢቲሲ/ኦኤስ-ሪሊስ ብላችሁ ስሙንና ቁጥሩን አንብቡ፣ ቀጥላችሁ ዴት ብላችሁ ሰዓቱን እዩ። ሁለቱም ወዲያው ነው መልስ የሚሰጡት፣ ግን ሰው ሁሉ ዘሎ የሚያልፈው እነሱኑ ነው። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው፣ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል በትንንሹ ነው የሚገቡት፣ እንደ ሴንትኦኤስ-ቤዝ.ሪፖና አፍሪካ/አዲስ_አበባ ያሉ ስሞች ውስጥ ብቻ ትልልቅ ፊደል አለ። ቀኖቹ ደግሞ በፈረንጅ ናቸው።

ምልክት፦ ሴንትኦኤስ 7 ላይ ያም "ኩድ ኖት ሪዞልቭ ሆስት፣ ሚረርሊስት.ሴንትኦኤስ.ኦርግ" ይላል

ዋናው ይሄ ነው፣ እስካሁንም አላቆመም። መልዕክቱን ያየ ሰው ሁሉ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረው) ነው ይላል፣ አይፈረድበትም ጽሁፉ ራሱ እንደዛ ነው የሚለው። ከዛ ሪዞልቭ.ኮንፍን ከፍቶ አራቱን ስምንት (8.8.8.8) ያስገባል፣ አልሰራም፣ ፋየርዎሉን ያጠፋል፣ አልሰራም፣ ኤስኢሊኑክስን (የሊኑክሱን የራሱን ጥበቃ) ያጠፋል፣ አሁንም አልሰራም፣ በመጨረሻ ኢንተርኔት ለሚያቀርብለት ድርጅት ደውሎ ይጨቃጨቃል። አዲስ ራውተር ድረስ የገዛ ቢሮ አይቻለሁ። ሰርቨሩ ግን ፋየርዎልም ኤስኢሊኑክስም ጠፍቶበት፣ ያው ችግር እንዳለ፣ ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። እባካችሁ የጠፋውን ሁሉ መልሳችሁ አብሩ፣ ይሄ ችግር ከነሱ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ምክንያት፦ ሴንትኦኤስ 7 የወጣው በ2014 ነው፣ ጁን 30 2024 ላይ ድጋፉ አበቃ። ከዛ በኋላ ሚረርሊስት የሚባለው አድራሻ ራሱ ተነሳ። ስለዚህ "ስሙ አልተገኘም" መባሉ እውነት ነው፣ የእናንተ ዲኤንኤስ ግን ጥፋት የለበትም፤ የለቀቀ ተከራይ በር ላይ ቆሞ እንደማንኳኳት ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ጌትኢኤንቲ ሆስትስ ብላችሁ ሌላ የምታውቁትን ስም ጠይቁ፣ መልስ ከመጣ ዲኤንኤሱን ተዉት።

ፓኬጆቹ አልጠፉም። ቮልት.ሴንትኦኤስ.ኦርግ የሚባል መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ያምን ወደዛ ማዞር ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሪፖዎቹ (የፓኬጅ ምንጮቹ) አድራሻ ያለበትን /ኢቲሲ/ያም.ሪፖስ.ዲ የሚለውን ፎልደር ሙሉውን ወደ /ሩት ኮፒ አድርጉት። እዛው ፎልደር ውስጥ ኮፒ አታድርጉ! ብዙ ሰው ኦርጅናሉን "ቤዝ2.ሪፖ" ምናምን ብሎ እዛው ያስቀምጠዋል፣ ያም ደግሞ መጨረሻው .ሪፖ የሆነ ፋይል ካገኘ ዝም ብሎ ያነባል፣ ከዛ "ቤዝ ከአንድ ጊዜ በላይ ተጽፏል" የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣና የሞተው አድራሻ ተመልሶ ይገባል፣ ሰውዬው ደግሞ አስተካክዬ ነበር እያለ ይምላል።

ቀጥሎ ሴንትኦኤስ-ቤዝ.ሪፖን በቪአይ ወይም በናኖ ክፈቱ። እዚህ ጋ ሶስት ነገር ነው የሚነካው። ሚረርሊስት= ብሎ የሚጀምረው መስመር ሁሉ ፊቱ ላይ # ይግባ። ቤዝዩአርኤል= የሚለው መስመር ፊቱ ላይ ያለው # ይነሳ። ከዛ አድራሻው ውስጥ ሚረር.ሴንትኦኤስ.ኦርግ የሚለው ቮልት.ሴንትኦኤስ.ኦርግ ይሁን። በየክፍሉ አድርጉት፣ ቤዝ፣ አፕዴትስ፣ ኤክስትራስ፣ ሶስቱም። ፋይሉ ውስጥ ያሉትን የዶላር ምልክት ያለባቸውን ቃላት፣ ሪሊስቨርና ቤዝአርች የሚሉትን፣ እንዳሉ ተዉዋቸው፣ ያም ራሱ ይሞላቸዋል። አስቀምጣችሁ ውጡ፣ ያም ክሊን ኦል፣ ከዛ ያም ሜክካሽ፣ ከዛ ያም ሪፖሊስት። ከየሪፖው ስም ጎን የፓኬጅ ብዛት ከመጣ አለቀ፣ ዜሮ ከሆነ ወደ ፋይሉ ተመለሱ።

"ካንኖት ፋይንድ ኤ ቫሊድ ቤዝዩአርኤል" ካላችሁ ሁለተኛውን ረስታችኋል ማለት ነው፣ ሚረርሊስቱን ዘግታችሁ ቤዝዩአርኤሉን ከነ# ትታችሁታል፣ ያም የሚሄድበት የለውም። ይሄ በጣም በጣም የተለመደ ነው። ቤዙ ገብቶ ሌላ ሪፖ ላይ ከቆመ ደግሞ ፎልደሩ ውስጥ ሌላም .ሪፖ ፋይል አለ፣ ለምሳሌ የኤስሲኤል (ተጨማሪ የሶፍትዌር ስብስብ) ፋይሎች፣ ያው ሶስት ነገር እነሱም ላይ።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ይሄን ከመስራት ይልቅ ከቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተዘጋጀ .ሪፖ ፋይል አውርዶ የሚለጥፍ አለ። አንድ መስሪያ ቤት ሄጄ ፋይሉን ከፍቼ ሳይ አድራሻው ስም እንኳን የለውም፣ ባዶ አይፒ ነው፣ ከስሩ ጂፒጂቼክ=0 (የፓኬጁን ፊርማ አታረጋግጥ) ተብሏል። ማለትም የዛ አይፒ ባለቤት የፈለገውን ፓኬጅ፣ በሩት ስልጣን፣ ያለምንም ማረጋገጫ ሰርቨሩ ላይ ሊጭን ይችላል ማለት ነው። የሰራተኛ ደሞዝ ያለበት ማሽን ነው! ጂፒጂቼክ ሁሌም 1 ይሁን። ቮልት ላይ ያሉት ፓኬጆች ፊርማቸው ትክክል ነው፣ ቁልፉም ማሽናችሁ ላይ አለ፣ ስለዚህ ኖጂፒጂቼክ የሚያስብል አንድም ምክንያት የለም። አንድም።

ቮልት ማለት ደግሞ ድጋፍ ማለት አይደለም። ከጁን 2024 ወዲህ የወጣ የደህንነት ማስተካከያ እዛ የለም፣ አይመጣም። ቮልቱን የምትጠቀሙት የጎደለ ፓኬጅ ጭናችሁ፣ ባክአፕ ወስዳችሁ ለመውጣት ነው። አልማሊኑክስ (እንደ ሮኪ የሴንትኦኤስ ምትክ ነው) ኢሌቬት የሚባል መሳሪያ አለው፣ ሊፕ በሚባለው ፕሮግራም ከ7 ወደ 8 እዛው ላይ ያሻግራል። እኔ ግን አዲስ ማሽን ላይ አልማ ወይም ሮኪ 9 ጭኖ ዳታውን ማዛወሩን ነው የምመክረው፣ ምክንያቱም ሴንትኦኤስ 7 ይዞት የመጣው ፒኤችፒ 5.4 ነው፣ ማሪያዲቢው 5.5 ነው፣ ፓይተኑ 2.7 ነው፣ እዛ ላይ የተጻፈ ሶፍትዌር አዲሱ ላይ ሳይሰበር አይነሳም፣ የሚሰበረውን ደግሞ አሮጌው እየሰራ ጎን ለጎን ብታዩት ነው የሚሻለው።

ማሽኑ አሮጌ ከሆነ ከመጫናችሁ በፊት ኤልኤስሲፒዩ ብላችሁ ፍላግስ የሚለው ውስጥ ኤስኤስኢ4_2 መኖሩን እዩ። የ9 ቤተሰብ ኤክስ86-64-ቪ2 የሚባለውን ደረጃ ይፈልጋል፣ የሌለው ሲፒዩ ላይ ገና ሲነሳ "ፌታል ጂሊብሲ ኤረር" ብሎ ይቆማል። በእርዳታ የመጡ አሮጌ ሰርቨሮች ላይ ፍላሹ ተበላሽቷል እየተባለ ስንት ፍላሽ ተጥሏል። 10 ደግሞ ቪ3 ነው የሚፈልገው፣ አልማ ብቻ ለቪ2 ለብቻው ያዘጋጀው አለ።

ምልክት፦ ሴንትኦኤስ 8 ላይ "ኖ ዩአርኤልስ ኢን ሚረርሊስት"

ያው በሽታ ነው። ሬድ ሃት ዲሴምበር 2020 ላይ 8ን አሳጥረነዋል አለ፣ ዲሴምበር 31 2021 ላይ አበቃ፣ ያውም ከ7 በፊት። መፍትሄውም ከላይ ያለው ነው፣ ወደ ቮልት አዙሩ። ከዛ ግን እዚህ ማሻገሩ ቀላል ነው፣ የአልማ ዲፕሎይ ስክሪፕት ወይም የሮኪው ማይግሬት2ሮኪ ፓኬጆቹን እዛው ይቀይራቸዋል። ስናፕሾት (የማሽኑን ሙሉ ቅጂ) ሳትወስዱ አትጀምሩ።

ምልክት፦ ኡቡንቱ ላይ አፕት አፕዴት "404 ኖት ፋውንድ"፣ "ሪሊስ ፋይል የለውም"

ኡቡንቱ ላይ ቁጥሩን ማንበብ ያስፈልጋል። በሙሉ ቁጥር ዓመት ኤፕሪል ላይ የሚወጡት፣ 20.04፣ 22.04፣ 24.04፣ ኤልቲኤስ (ረጅም ድጋፍ ያላቸው) ናቸው፣ ከወጡበት ጀምሮ አምስት ዓመት ይደገፋሉ። በመሃል የሚወጡት፣ 22.10፣ 23.04፣ 23.10 የሚባሉት፣ ዘጠኝ ወር ብቻ ነው እድሜያቸው። ሰው ግን ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ይሻላል ብሎ 23.10ን የደንበኛ ሰርቨር ላይ ይጭናል፣ ጁላይ 2024 ላይ አበቃ፣ ከዛ አፕት ቀይ በቀይ ይሆናል። ለሰርቨር ኤልቲኤስ ብቻ ጫኑ፣ ሌላው የመሞከሪያ ነው።

ዘጠኝ ወሩ ያለፈበት ከሆነ /ኢቲሲ/አፕት/ሶርስስ.ሊስት ውስጥ አርካይቭ.ኡቡንቱ.ኮም የሚለውንና ሴኪዩሪቲ.ኡቡንቱ.ኮም የሚለውን ሁለቱንም ኦልድ-ሪሊስስ.ኡቡንቱ.ኮም አድርጉ። አዲስ አበባ የተጫነ ማሽን ላይ አድራሻው ፊት ኢቲ. የምትል ትኖራለች፣ እሷንም አብራችሁ አንሱ፣ አለበለዚያ ኢቲ.ኦልድ-ሪሊስስ የሚል የሌለ ስም ትፈጥራላችሁ። ከ24.04 ጀምሮ ደግሞ ሶርስስ.ሊስቱ ባዶ ቢመስላችሁ አትደንግጡ፣ ዝርዝሩ ሶርስስ.ሊስት.ዲ ውስጥ ኡቡንቱ.ሶርስስ ወደሚባል ፋይል ተዛውሯል፣ አጻጻፉም ተቀይሯል።

ይሄን ግን ኤልቲኤስ ላይ እንዳትሞክሩት። 16.04ና 18.04 ድጋፋቸው ቢያልፍም ፓኬጆቻቸው አሁንም ዋናው አርካይቭ ላይ ናቸው፣ ኦልድ-ሪሊስስ ላይ ካዞራችኋቸው ደህና የነበረውን 404 ታደርጉታላችሁ። እነሱን ማቆየት የግድ ከሆነ ኡቡንቱ ፕሮ ለግል እስከ 5 ማሽን በነጻ ነው፣ የደህንነት ማስተካከያው በዛ ይመጣል።

ምልክት፦ "ሪሊስ ፋይል ኢዝ ኖት ቫሊድ የት"

ይሄ የሰዓት ነው። ዴት ስትሉ በትክክል ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ከሆነ አንድ ሰው በሀበሻ ሰዓት ሞልቶታል። ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ቁጭ ብሎ 08:00 ያስገባል፣ ማሽኑ ግን 14:00 ነው የሚጠብቀው። ከዛ ዛሬ ጠዋት የተፈረመ የአፕት ፋይል ለማሽኑ ገና ያልመጣ ጊዜ ላይ የተፈረመ ይሆንበታል፣ "ለተጨማሪ ይሄን ያህል ሰዓት አይሰራም" ብሎ ይመልሰዋል። አስቸጋሪነቱ ደግሞ አንዳንዴ ይሰራል፣ የቆየ ፋይል ሲሆን ያልፋል፣ ስለዚህ ሰው ኔቱ ላይ ያላክካል።

መፍትሄ፦ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ_አበባ፣ ከዛ ሰዓቱን ራሱ ከኢንተርኔት እንዲወስድ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ። ሰዓት በእጃችሁ አትሙሉ። ታይምዴትሲቲኤል ብላችሁ "ሲንክሮናይዝድ፣ የስ" እስኪል ጠብቁ፣ ኖ እንዳለ ከቀረ ዩዲፒ 123 ፋየርዎሉ ላይ ተዘግቶ እንደሆነ እዩ። ሰዓቱ በስድስት ሰዓት ሳይሆን በዓመታት ወደ ኋላ ከሄደ፣ በተለይ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች። ስትገዙ ፊቷ ላይ ዝገት ያለባትን፣ ማሸጊያ የሌላትን አትቀበሉ፣ ወዲያው ነው የምታልቀው። ከቀየራችሁ በኋላ ኤችደብልዩክሎክ --ሲስቶኤችሲ።

ምልክት፦ ዴቢያን "ሱት ቫልዩ ከስቴብል ወደ ኦልድስቴብል ተቀየረ" ይላል

አዲስ ዴቢያን ወጥቷል ማለት ነው፣ አልተበላሸም። አፕት-ጌት አፕዴት --አላው-ሪሊስኢንፎ-ቼንጅ አንድ ጊዜ ይበቃል። ግን ሶርስስ.ሊስታችሁ ላይ "ስቴብል" የሚል ቃል ካለ አሁኑኑ በሪሊሱ ስም፣ ቡክዎርም ወይም ትሪክሲ፣ ተኩት። ኦገስት 2025 ላይ 13 ሲወጣ "ስቴብል" የሚል የጻፈ ማሽን ሁሉ ከ12 ወደ 13 መዝለል ነው የጀመረው። 10 ላይ ያላችሁ ወደ አርካይቭ.ዴቢያን.ኦርግ አዙሩ። ከ10 ወደ 11 ስትሄዱ የሴኪዩሪቲው ስም አጻጻፍ ተቀይሯል፣ ቡልስአይ/አፕዴትስ ሳይሆን ቡልስአይ-ሴኪዩሪቲ ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦

ሎክ ተይዟል ካለ አውቶማቲክ አፕዴቱ እየሰራ ነው፣ ጠብቁ፣ የሎክ ፋይሉን አታጥፉ።
"ዲፒኬጂ ዎዝ ኢንተራፕትድ" ካለ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ።
/ቡት ከሞላ አፕት አውቶሪሙቭ፣ ከርነል በእጅ እያነሱ መሰረዝ የለም።
"ሃሽ ሰም ሚስማች" ብዙ ጊዜ በመሃል ያለ ፕሮክሲ ካሽ ነው፣ /ቫር/ሊብ/አፕት/ሊስትስ ውስጥ ያለውን አጽዱ፣ አርኤም -አርኤፍ ስትጽፉ ከመጀመሪያዋ / በኋላ ክፍት ቦታ እንዳይገባ ሁለቴ አንብቡ።

ወደ አዲሱ ሪሊስ ስትሻገሩ

ኡቡንቱ ላይ ዱ-ሪሊስ-አፕግሬድ ነው። በኤስኤስኤች ከሆናችሁ 1022 ፖርት ላይ ተጨማሪ ኤስኤስኤች ይከፍታል፣ መስመር ቢቆረጥ በሱ ለመግባት ነው፣ ስለዚህ ፋየርዎሉን አስቀድማችሁ ክፈቱለት። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ዩፒኤሱ ባትሪው የሞተ ሰርቨር ላይ በፍጹም አትጀምሩ፣ ግማሽ ላይ የቆመ አፕግሬድ ከተነሳ በኋላ ሙሉ ቀን ነው የሚበላው። ከ22.04 ወደ 24.04 የሚወስደው መንገድ የተከፈተው በ2024፣ 24.04.1 ከወጣ በኋላ ነው፣ ከዛ በፊት "አዲስ ሪሊስ የለም" ይል የነበረው ልክ ነበር፣ እንደዛ ሲል -ዲ እየጨመራችሁ አታስገድዱት።

ፒኤችፒ ከ20.04 ወደ 22.04 ሲሄድ ከ7.4 ወደ 8.1 ነው የሚዘለው፣ 24.04 ላይ 8.3 ይሆናል። አፓቺ የድሮውን ሞጁል ፈልጎ ሲያጣ አልነሳም ይላል፣ ኤ2ዲስሞድ ብላችሁ አሮጌውን አውጡ፣ ኤ2ኢንሞድ ብላችሁ አዲሱን አስገቡ። ፖስትግሬስ ደግሞ አዲሱን ቨርዥን ባዶውን ይጭንና አሮጌውን ከነዳታው ጎኑ ይተወዋል፣ ፒጂ_ኤልኤስክላስተርስ ብላችሁ ሁለቱንም ካያችሁ በፒጂ_አፕግሬድክላስተር አዛውሩ፣ ፖርቱን ሳታረጋግጡ አሮጌውን አታጥፉ፣ ዳታው ያለው እዛ ነው።

የሌላ ሰው ሪፖ፣ ዶከር፣ ኤንጂንኤክስ፣ ምናምን፣ አፕግሬዱ ራሱ ያጠፋቸዋል። ሶርስስ.ሊስት.ዲ ውስጥ አንድ በአንድ ግቡና የአዲሱን ሪሊስ ስም ጽፋችሁ አብሩ፣ ከዛ አፕት አፕዴት፣ አንድም 404 ሳይኖር እስኪያልፍ ድረስ።