ክላስ ድሮፕ ከማድረጋችሁ በፊት

አሜሪካ ኮሌጅ ገብታችሁ ፔል ግራንት (መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠው የማይመለስ የገንዘብ እርዳታ) የምታገኙ ልጆች፣ ፋፍሳ (የእርዳታ ማመልከቻ ፎርሙን) ሞልቶ መቀመጥ ብቻውን አይበቃም። ኮሌጁ ውጤታችሁን እየተከታተለ ነው። ብዙ ቦታ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ከ2.0 መውረድ የለበትም፣ ከወሰዳችሁት ክሬዲት ደግሞ ቢያንስ 67 በመቶውን ማለፍ አለባችሁ። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። «ኤፍ ከማገኝ ደብልዩ ይሻለኛል» ብሎ ከክላሱ ይወጣል (ደብልዩ ክላስ ላቋረጠ ሰው የሚጻፍ ምልክት ነው)፤ እውነት ነው፣ ጂፒኤው አይነካም፣ ግን ያቋረጠው ክሬዲት ወስዶ እንዳላለፈው ይቆጠርበታል። እኔ ራሴ ከ12 ክሬዲት ሁለት ባለ 3 ክሬዲት ክላስ ትቼ 50 በመቶ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ማስጠንቀቂያውም በኢሜይል ከች አለ። እርዳታው ከተቋረጠባችሁ ይግባኝ አለ፦ ሕመም ወይም ሐዘን ከነበረ ማስረጃ አያይዙ፣ አሁን ምን እንደተለወጠም ጻፉ። ድሮፕ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ጎራ በሉ፣ አምስት ደቂቃ ነው።