ባሕር ዛፉ ከቆረጣ በኋላ ለምን ይቀጭጫል?

በጦሳ ተራራ ተዳፋትና በደሴ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ አለ። የመጀመሪያው ቆረጣ ጥሩ አጠና ሰጠ፤ ቀጣዩ ግን ቀጠነ። ብዙዎች ዝናቡን ይወቅሳሉ። እኔ መጀመሪያ አቆራረጡን እዩ እላለሁ።

ምልክት፦ ቡቃያው ብዙ ነው፤ ግን ቀጭንና ገርጣጣ

ከዛፉ ሥር መሬቱን በጣታችሁ ጫር ጫር አድርጉት። የበሰበሰ ቅጠል ከሌለና ጣታችሁ ወዲያው ደረቅ አፈር ከነካ፣ ምክንያቱ ቅጠል ጠረጋ ነው። ቅጠል ከዛፉ ክብደት ትንሽ ድርሻ ቢኖረውም በንጥረ ነገር ሀብታሙ ክፍል እሱ ነው። ግንዱን ሸጠን፣ ቅርንጫፉን ለምጣድ ወስደን፣ የረገፈውንም ጠርገን መሬቱ ምን ይብላ? በፊንላንድና በስዊድን የጥድ ደኖች ለዓመታት የተካሄዱ ሙከራዎችም ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ቅርንጫፉና ቅጠሉ ከግንዱ ጋር ሲጋዝ ቀጥሎ የሚመጣው ዕድገት ሊቀንስ ይችላል።

መፍትሄ፦ የቅጠል ሸክም የብዙ እናቶች እንጀራ ነው፤ ጨርሶ አትንኩ ማለት አይቻልም። ወፈር ያለው ቅርንጫፍ ይወሰድ፤ ቅጠሉና ጭራሮው ይቅር። ግንዱንም እዚያው ላጡት፤ ቅርፊቱ ብዙ ካልሲየም አለው። አመድ መበተን ይረዳል፤ ናይትሮጂኑ ግን በእሳት ስለሚጠፋ ቅጠሉን አይተካም። ቡቃያው ዓመት ገደማ ሲሆነው በየጉቶው ጠንካራ 2 ወይም 3 ቡቃያ አስቀርታችሁ ሌላውን አንሱ።

ምልክት፦ ጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ወይም ቡቃያው በነፋስ ይገነጠላል

ጉቶውን ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ቅርፊቱ ከእንጨቱ ከተላቀቀ ደነዝ መጥረቢያ ነው የጎዳው። አናቱ ጎድጎድ ብሎ ውኃ ከያዘ ይበሰብሳል። ከፍ ተደርጎ ከተቆረጠ ደግሞ ቡቃያው ላይ ላዩን ስለሚወጣ በቀላሉ ይገነጠላል።

መፍትሄ፦ በስለታም መጋዝ፣ ከመሬት 10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ትንሽ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ብዙ ጊዜ የተቆረጠ ያረጀ ጉቶ ግን አይድንም፤ በአዲስ ችግኝ ተኩት።

ምልክት፦ ከቆረጣው ቦታ ቁልቁል ቦይ ወርዷል

በሐምሌና በነሐሴ እርጥብ መሬት ላይ ግንድ ሲጎተት አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ ጎርፉም ያንኑ መንገድ ይዞ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። ቆረጣውን ክረምት ሳይገባ ግንቦት ላይ ጨርሱ፤ የመጎተቻ መንገዳችሁም አንድ ብቻ ይሁን። ቦዩ ከተጀመረ ቅርንጫፍ አግድም ደርድራችሁ በካስማ ያዙት።