«ላይክ» ወይስ «አዝ»? የእንግሊዝኛ አነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤ አጠቃቀም

አማርኛ «እንደ» በምትባል አንዲት ቃል ብዙ ሥራ ይሠራል። «እንደ አንበሳ ጀግና» እንላለን፤ «እንደ ሐኪም ይሠራል» እንላለን፤ «እንደነገርኩህ» እንላለን። እንግሊዝኛ ይህን ሥራ ለ«ላይክ» እና ለ«አዝ» አከፋፍሎታል። ከአማርኛ የመጣ ተማሪ በእንግሊዝኛ ንጽጽር ሲጽፍ በብዛት የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው።

«ሺ ስፖክ ላይክ ኤ ማዘር» ማለት ተናጋሪዋ እናት አይደለችም፣ አነጋገሯ ግን የእናት ይመስላል ማለት ነው። «ሺ ስፖክ አዝ ኤ ማዘር» ሲሆን ግን በእርግጥ እናት ናት፤ የተናገረችውም በእናትነቷ ነው። በአማርኛ ሁለቱም «እንደ እናት ተናገረች» ይሆናሉ። ከሁለቱ ዘይቤ ያለው በመጀመሪያው ብቻ ነው። በትምህርት ቤት አነጻጻሪ ዘይቤ የምንለው፣ በእንግሊዝኛ ሲሚሊ የሚባለው እሱ ነው።

ከ«ላይክ» በኋላ ስም ወይም ተውላጠ ስም ይከተላል። ባለቤትና ግስ ያለው ሙሉ ሐረግ ሲከተል «አዝ» ወይም «አዝ ኢፍ» ይገባል፤ «ሂ ራን አዝ ኢፍ ዘ ግራውንድ ወር በርኒንግ»፣ መሬቱ የሚቃጠል ይመስል ሮጠ። በንግግር ብዙዎች እዚህም «ላይክ» ይላሉ፣ ማንም አይቆጣቸውም። በፈተና ወረቀትና በመደበኛ ጽሑፍ ግን ይቆጠርባችኋል።

ሌላው ቅርጽ ቅጽሉን በሁለት «አዝ» መካከል ያስገባል፦ «አዝ ላይት አዝ ኤ ፌዘር»፣ እንደ ላባ የቀለለ። እዚህ ሦስት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ሁለቱን ቅርጾች ማደባለቅ ነው፤ «አዝ ላይት ላይክ ኤ ፌዘር» የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛው «ኤ» የምትባለውን መስተአምር መርሳት ነው። አማርኛ ስለማይፈልጋት ከእጅ ትወድቃለች። ሦስተኛው የቁጥር አለመስማማት ነው፤ ዓይኖቹ ሁለት ሆነው ሳለ «ላይክ ኤ ስታር» ከማለት «ላይክ ስታርስ» ይሻላል።

የቆዩት ንጽጽሮች ባሉበት ይጠናሉ እንጂ ቃላቸው አይቀየርም። «አዝ ቢዚ አዝ ኤ ቢ» (እንደ ንብ በሥራ የተጠመደ)፣ «አዝ ኩል አዝ ኤ ኪዩከምበር» (እንደ ኪያር የረጋ) የሚሉት አፍ ላይ የሚጥሙት ግማሹ በድምፅ ነው፤ የመነሻ ድምፃቸው አንድ ነው። ኪያርን በዱባ ብትተኩት ትርጉሙ ቢቀርብም ጣዕሙ ይጠፋል። አንዳንዱ ደግሞ ምጸት ነው። «አዝ ክሊር አዝ መድ» ቃል በቃል እንደ ጭቃ የጠራ ነው፤ የተባለው ግን ምንም አልገባኝም ነው።

«ላይክ» ያለበት ሁሉ ዘይቤ አይደለም። «ሺ ሉክስ ላይክ ኸር ሲስተር» ሰውን ከሰው ያመሳስላል፤ ቀጥተኛ መግለጫ ነው። ዘይቤ የሚሆነው ሁለቱ ነገሮች በዓይነታቸው ሲራራቁና አንድ ባሕርይ ሲያገናኛቸው ነው።

ተለዋጭ ዘይቤ፣ ማለትም ሜታፎር፣ ማነጻጸሪያዋን ቃል ይጥላትና አንዱን ነገር ሌላው ነው ይላል። «ሂዝ ቮይስ ወዝ ግራቭል»፣ ድምፁ ጠጠር ነበር። እንግሊዛዊው ሃያሲ አይ ኤ ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ1936 ለሁለቱ ወገኖች ስም አወጣላቸው፤ የሚነገርለትን «ቴነር»፣ የተዋስነውን ምስል «ቬሂክል» አለ። እዚህ ቴነሩ ድምፅ፣ ቬሂክሉ ጠጠር ነው። ቀጥሎ የጠጠርን ባሕርያት ዘርዝሩ፦ ይጠነክራል፣ ግራጫ ነው፣ ትንንሽ ነው፣ ይሻክራል፣ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ለድምፅ የሚሆነው የትኛው ነው? ሻካራነቱና መንኮሻኮሹ። ቀለሙ ቀረ፣ መጠኑም ቀረ። ያልገባችሁን ተለዋጭ ዘይቤ ሁሉ በዚህ መንገድ ልትፈቱት ትችላላችሁ።

አስቸጋሪው ግስ ውስጥ የተደበቀው ነው። «ፕራይስስ ሶርድ»፣ ዋጋ ናረ፣ ሲባል ግሱ የወፍ ነው፤ ወደ ላይ መብረር። «ሂ ዴቮርድ ዘ ቡክ» ያለው ሰው መጽሐፉን አልበላም፤ በስስት አነበበው። ግሱ ከማይስማማው ባለቤት ወይም ተሳቢ ጋር ከተቀመጠ መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ የመጀመሪያውን ትርጉም እዩ፤ ምስሉ እዚያ ነው። «ኤ ማውንቴን ኦቭ ወርክ» (የሥራ ተራራ) ዓይነቱ፣ በ«ኦቭ» የተያያዘው፣ ቶሎ ይለያል። የጠረጴዛ እግር የመሰለው ግን በሁለቱም ቋንቋ ከሞተ ቆይቷል፤ ጊዜ አታጥፉበት።

የአማርኛን ምስል በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ማዞር አደገኛ ነው። «ዓይነ ደረቅ»ን «ድራይ አይድ» ብትሉት እንግሊዝኛው ኀፍረተ ቢስነትን ሳይሆን አለማልቀስን ይናገራል። «ሆደ ሰፊ»ንም ቃል በቃል ካዞራችሁት ትዕግሥቱ ይጠፋና የቦርጭ ወሬ ይሆናል። ምስሉን ትታችሁ ባሕርዩን ተርጉሙ።

የራሳችሁን ስትሠሩ ከምስሉ አትነሡ፤ ከተራው ዓረፍተ ነገር ተነሡ። «ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር» እንበል። ምን ዓይነት ጸጥታ? የሚያሳርፍ ነው ወይስ የሚከፋ? የሚከፋ ከሆነ ያንን ባሕርይ የያዙ አምስት ነገሮች ጻፉ። ቀድሞ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሁሉም የሚለው ነው፤ «አዝ ኳየት አዝ ኤ ማውስ» (እንደ አይጥ ጸጥ ያለ) መጣ፣ ሰርዙት። እሱማ ድምፁን አጥፍቶ ለሚንቀሳቀስ ሰው ነው፣ ለባዶ ቤት አይሆንም። አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ «ዘ ሃውስ ወዝ አዝ ኳየት አዝ ኤ ዴድ ፎን» ይመጣ ይሆናል። ባትሪው ያለቀ ስልክ ጸጥታ ብቻ ሳይሆን የተጠበቀና ያልመጣ ጥሪም አለበት፤ የፈለጋችሁት ያ ነው። ይህንኑ «ዘ ሃውስ ወዝ ኤ ዴድ ፎን» ብትሉት ግን አንባቢው ግራ ይጋባል። ዝምድናው ሩቅ ሲሆን አነጻጻሪውን፣ ቅርብ ሲሆን ተለዋጩን መምረጥ ያዋጣል።

አንድ አንቀጽ አንድ ጠንካራ ምስል ይበቃዋል። ሁለት ከተጋጩ መሳቂያ ይሆናል፦ ድርጅቱ ማዕበሉን ቀዝፎ አልፎ፣ ሥር ሰዶ፣ ክንፉን ዘረጋ ቢባል በአንድ ትንፋሽ መርከብም ዛፍም ወፍም ሆነ። አንዱን ይዛችሁ ዝለቁ፤ መርከብ ከሆነ ወደብ ይድረስ።

ፈተና ላይ ዘይቤውን አብራሩ ሲባል ስሙን ጽፎ መቆም፣ ወይም «አንባቢን ይስባል» ብሎ ማለፍ ነጥብ አያመጣም፤ ስለ የትኛውም ዓረፍተ ነገር ሊባል ይችላልና። ስሙን፣ የተነጻጸሩትን ሁለት ነገሮች፣ የተላለፈውን ባሕርይ፣ ከዚያም እዚህ ቦታ ምን እንደሠራ ጻፉ፦ «ተለዋጭ ዘይቤ ነው፤ ድምፁን ከጠጠር ጋር አንድ አድርጎ ሻካራነቱን ያሰማናል፤ ባለታሪኩ ይቅርታ እየጠየቀ ሳለ እንኳ ድምፁ ስለሚቆረቁር ይቅርታውን ለማመን እንቸገራለን።»