ሥዕሉ ሰውየውን አልመስል ሲል

ዓይኑ ዓይን ነው፤ አፍንጫውም አፍንጫ። ሲገጣጠሙ ግን የሰውየው የአክስት ልጅ ይወጣል። የአንድ ሰው ፊት ከፎቶ እያየሁ በእርሳስ ስስል አራት ቀን ሙሉ የታገልኩት ከዚህ ጋር ነው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የጥላው መሰለኝና በ4ቢ እርሳስ (ለስላሳና ጠቆር አድርጎ የሚጽፈው) አጠቆርኩት። ባሰበት። ከዚያ ዓይኑን ብቻ እያጠፋሁ ደጋግሜ ሳልኩ። ወረቀቱ ተላጠ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም።

የሠራልኝ እንዲህ ነው። ፎቶውንም ሥዕሉንም ዘቅዝቄ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ተዘቅዝቆ ሲታይ ፊት መሆኑ ይረሳና ቅርጽ ብቻ ይቀራል። ወዲያው ታየኝ፦ ዓይኖቹ በጣም ወደ ላይ ወጥተዋል። ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ከአናት እስከ አገጭ ሲለካ ዓይን የሚያርፈው መሀል አካባቢ ነው። እኔ ግንባሩንና ፀጉሩን አሳጥሬባቸዋለሁ (ጀማሪ ሁሉ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው)።

ሁሉንም አጥፍቼ በኤችቢ (መካከለኛው፣ የተለመደው) እርሳስ፣ ሳልጫን፣ እንደገና ጀመርኩ። የአንዱን ዓይን ስፋት መለኪያ አደረግኩት። ፎቶው ላይ ከዓይኑ የውስጥ ጥግ ቀጥ ያለ መስመር ሳወርድ የአፍንጫውን ክንፍ ጠርዝ ይነካል። እኔ ሥዕል ላይ ግን አፍንጫው ከመስመሩ አልፎ ወጥቷል። ሦስት ሚሊሜትር ብትሆን ነው። እሷን ሳስተካክል ሰውየው ብቅ አለ። ሽፋሽፍቱን የነካሁት ከዚያ በኋላ ነው።