ቴስቱ አለፈ፣ ዳታው ግን ጠፋ፦ የላራቬል ካሽ ሲደባለቅ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ላይ ሁለት ሦስት ልጆች ተሰባስበው ታይዋን ለሚባለው የከተማው ገበያ ነጋዴዎች የዕቃ መመዝገቢያ ሲስተም በላራቬል (በፒኤችፒ ዌብ አፕ መሥሪያ ፍሬምወርክ) ይሠራሉ እንበል። ቴስቱን (ሲስተሙ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸውን ኮድ) አስኬዱ። ሁሉም አረንጓዴ። ብራውዘሩን ሲከፍቱ ግን ሲመዘግቡት የሰነበቱት የመለማመጃ ዕቃ በሙሉ የለም። «አቦ፣ ዳታው የት ገባ?»

ምክንያቱ

ላራቬል የኢንቭ ፋይሉን (የዳታቤዝ ስምና መሰል ሴቲንጎች የሚጻፉበትን) ደጋግሞ እንዳያነብ «ኮንፊግ ካሽ» በሚባለው ትእዛዝ ሴቲንጎቹን ሁሉ አንድ የካሽ ፋይል (ለፍጥነት የሚቀመጥ ቅጂ) ውስጥ ይጠቀልላቸዋል። ፋይሉ የሚቀመጠው ቡትስትራፕ ውስጥ ባለው የካሽ ፎልደር ነው። እሱ ካለ ላራቬል ወደ ሌላ አያይም። ቴስቱን የሚያስኬደው ፒኤችፒዩኒት «የቴስቱን ዳታቤዝ ተጠቀም» ቢለውም አይሰማም። ካሹ ላይ የተጻፈው የዴቨሎፕመንቱ (ስንሠራ የምንጠቀምበት) ዳታቤዝ ነዋ! «ሪፍሬሽ ዳታቤዝ» የሚጠቀም ቴስት ደግሞ ሲጀምር ቴብሎቹን ጠርጎ እንደ አዲስ ይሠራል። የማንን ዳታ እንደሚጠርግ አይጠይቅም።

መፍትሄው

ለጊዜው ካሹን የሚሰርዘው «ኮንፊግ ክሊር» ይበቃል። ችግሩ፣ ነገ አንዱ «ኦፕቲማይዝ» ብሎ ያስኬድና ካሹ ተመልሶ ይመጣል። የሰው ትውስታ ላይ አትተማመኑ።

ዘላቂው መንገድ የካሽ ፋይሉን አድራሻ መለየት ነው። በፒኤችፒዩኒት ኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ «አፕ ኮንፊግ ካሽ» የሚባለውን ቫሪያብል (በትልልቅ ፊደል፣ በአንደርስኮር ተያይዞ ነው የሚጻፈው) ለቴስት ብቻ የሚሆን ሌላ የፋይል ስም ስጡት። ፋይሉ በቦታው ባይኖር ግድ የለም። እንዲያውም ባይኖር ይሻላል፤ የሌለ ካሽ ማንንም አያሳስትም።

በዚህ ላይ አንድ ዘበኛ ጨምሩ። የዳታቤዙ ስም ውስጥ «ቴስት» የሚል ከሌለ ቴስቱ ወዲያው ይቁም። ኮዱ የሚገባው ግን «ክሪኤት አፕሊኬሽን» ውስጥ፣ አፑ እንደተነሣ ነው። ብዙ ሰው «ሴትአፕ» ውስጥ፣ ከፓረንቱ ጥሪ በታች ይጽፈዋል። እዚያ ሲደርስ ዳታው ተጠርጓል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አስተካክለነው አሁንም ዴቨሎፕመንቱን ይነካል?

አፑ የሚሄደው ዶከር (አፕን በኮንቴይነር ለይቶ የሚያስኬድ ቱል) ላይ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። እንደ ዳታቤዙ ስም ያለው ቫሪያብል በኮንቴይነሩ ላይ አስቀድሞ ከተሰጠ ፒኤችፒዩኒት በ«ኢንቭ» ታግ አይሽረውም። በኤክስኤምኤሉ መስመር ላይ «ኢንቭ» የሚለውን ታግ «ሰርቨር» በሚለው ተኩት፤ ላራቬል መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ዳታቤዙ ደህና ነው፣ ሬዲስ ላይ ያለው ካሽ ግን ባዶ ሆነ

ሬዲስ ዳታን ሜሞሪ ላይ የሚያስቀምጥ ዳታቤዝ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ፕሪፊክስ (ከቁልፉ ስም ፊት የሚጨመር ቃል) ለይተው ተገላገልን ይላሉ። ፕሪፊክስ የሚከላከለው ቴስቱና ዴቨሎፕመንቱ አንድ ቁልፍ ላይ እንዳይጽፉ ነው። ቴስቱ «ካሽ ፍለሽ» ሲል ላራቬል ፕሪፊክሱን አያይም፤ ያንን የሬዲስ ዳታቤዝ እንዳለ ባዶ ያደርገዋል። ሬዲስ በነባሪው ከ0 እስከ 15 የተቆጠሩ 16 ዳታቤዞች አሉት፤ ለቴስቱ የራሱን ቁጥር ስጡት። ይህም ቢሆን «ፍለሽ ኦል» የሚል ትእዛዝ ከመጣ 16ቱንም ይጠርጋል፤ ስክሪፕታችሁ ውስጥ ካለ አውጡት። ለአብዛኛው ቴስት ግን ሬዲስ ጭራሽ አያስፈልግም። የካሹን ስቶር «አሬይ» አድርጉት። ሜሞሪ ላይ ብቻ ይኖራል፤ ቴስቱ ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል።